«ያግባና ይድናል» ወይስ «ይዳንና ያገባል»?

አንድ ወጣት ከባድ የአእምሮ ሕመም ያዘው እንበል። የሌለ ድምፅ ይሰማል፣ «ይከታተሉኛል» ይላል፣ ሌሊቱን ሲንጎራደድ ያነጋል። ጠበል ተወሰደ፣ ሆስፒታል ገባ፣ መድኃኒት ጀመረ፤ ከወራት በኋላ መለስ አለ። ያን ጊዜ ቤተሰቡ ለሁለት ይከፈላል። አክስቶች የሚበዙበት ወገን «ደህና ልጅ ፈልገን እንዳረው፤ ያግባና ይድናል» ይላል። ነጭ ጋዋን የለበሱት የሚደግፉት ወገን ደግሞ «የምን ትዳር! መጀመሪያ ይዳን፣ ከዚያ ያገባል» ይላል። ክርክሩ ሲጦፍ ወጣቱ ጥግ ላይ ተቀምጦ ሻዩን ያማስላል። «አንተስ ምን ትፈልጋለህ?» ያለው የለም።

ሰሞኑን ስለዚህ ነገር ባነበብኩ ቁጥር መገረሜ እየጨመረ ስለሄደ ሳልነግራችሁ ማደር አልቻልኩም። ሁለቱም ወገኖች የሚሳሳቱበት ቦታ አለ፤ የሚሳሳቱበት ምክንያት ደግሞ ከመልሱ ይልቅ ይጥማል። ላስረዳችሁ የምፈልገው ነገር አጭር ነው፦ ከባድ የአእምሮ ሕመም ያለበት ሰው የፍቅር ጓደኛ እንዲያገኝና ከሰው ጋር እንዲዘልቅ መርዳት ይቻላል፤ የሚለማመዱት፣ የሚሠለጥኑበት ሥራ ነው፤ እናም ሰውየው ድኖ እስኪያልቅ የሚቆይበት ምክንያት የለም።

«ከባድ» ስል የማወራው ስለ ስኪዞፍሬኒያ፣ ስለ ባይፖላርና ከእውነታ ጋር እስከማቆራረጥ ስለሚደርስ የመንፈስ ጭንቀት ነው። ሁላችንን ስለሚጎበኘው መከፋትና ድብርት አይደለም።

መጀመሪያ ችግሩ የቱን ያህል እንደሆነ እንይ። ስዊድኖች የዜጎቻቸውን ልደት፣ ሞትና ሕክምና በመዝገብ ስለሚይዙ እንዲህ ያለውን ነገር ለማወቅ ይመቻሉ። እ.ኤ.አ. በ2013 የወጣ አንድ ጥናት የ2.3 ሚሊዮን ሰው መዝገብ አገላብጦ ስኪዞፍሬኒያ ያለባቸው ወንዶች የሚወልዱት ልጅ ሌላው ሕዝብ ከሚወልደው ሩቡን ያህል ብቻ መሆኑን አገኘ። ሴቶቹ ግማሽ ያህል ይወልዳሉ። ባይፖላር ያለባቸው ግን ከሌላው ሰው ያን ያህል አይርቁም። ልጅ መውለድና ፍቅር አንድ እንዳልሆኑ አውቃለሁ፤ ቢሆንም ማን ብቻውን እንደቀረ ቁጥሩ ይናገራል።

ወንዶቹ ለምን ይብስባቸዋል? አንዱ ምክንያት ዕድሜ ነው። ስኪዞፍሬኒያ ወንዶችን በአብዛኛው የሚይዘው በአሥራዎቹ መጨረሻና በሃያዎቹ መጀመሪያ ላይ ነው፤ ሴቶችን ዘግየት ብሎ ይይዛል። ወንዱ እንዴት ሰው እንደሚቀረብ፣ እንዴት «እምቢ» ተብሎ እንደሚታደር ሊማር ሲል ትምህርቱ ይቋረጥበታል። ሁለተኛው ምክንያት ልማድ ነው። በእኛም አገር ሆነ በብዙ ሌላ ቦታ ጀማሪው ወንዱ ነው፤ የሚናገረው እሱ፣ ሽማግሌ የሚልከው እሱ፣ «ሥራህ ምንድን ነው?» ተብሎ የሚጠየቀውም እሱ። ሴቷ ቢያንስ ሰው ሊመጣላት ይችላል። የሚመጣው ሁሉ ግን መልካም አይደለም። ከባድ የአእምሮ ሕመም ያለባቸው ሴቶች ለጾታዊ ጥቃት ይበልጥ የተጋለጡ ናቸው፤ ስለ ፍቅር ስንረዳቸው ስለ ደህንነታቸውም አብረን ካላወራን ረዳን ማለት አንችልም።

ወደ አክስቶቹ እንመለስ። የእነሱ ሐሳብ በእኛ ብቻ የተወሰነ አይደለም፤ ሕንዶችም ይሉታል። በደቡብ ሕንድ በቼናይ ከተማ፣ ስካርፍ በሚባለው የስኪዞፍሬኒያ ምርምር ተቋም የሚሠሩት ሐኪም አር. ታራና ባልደረቦቻቸው ለመጀመሪያ ጊዜ የታመሙ 90 ሰዎችን ከ1980ዎቹ መጀመሪያ ጀምረው ተከታተሉ። ከአሥር ዓመት በኋላ ሲቆጠር ከመቶ ሰባው ያህል ያገቡ ናቸው። አውሮፓዊ ሐኪም ይህን ቁጥር ሲያይ ዓይኑን ይጠራጠራል። የሕንድ ቤተሰብ ሙሽራ ሲፈልግ አይደክመውምና ነው። እስከዚህ ድረስ አክስቶቹ ያሸነፉ ይመስላሉ።

ነገር ግን ታራ ቁጥሩን በወንድና በሴት ለዩት። ወንዶቹ ዘንድ የበዛው ሳያገቡ መቅረት ነው፤ ሴቶቹ ዘንድ የበዛው ደግሞ የፈረሰ ትዳር። በኋላ ትዳራቸው የፈረሰባቸውን ሴቶች ራሳቸውን አነጋገሩ። አብዛኞቹ ወደ ወላጆቻቸው ቤት ተመልሰዋል፣ በፍርድ ቤት በሥርዓት አልተፋቱም፣ ከባላቸው ቀለብ አይቆረጥላቸውም። ሕመሙን ከሠርግ በፊት መደበቅ በዚያ አገር የታወቀ ነገር ነው፤ ባልየው ሚስቱ በድብቅ የምትውጠውን ኪኒን ያገኘ ዕለት የሚሆነውን መገመት አይከብድም። ማጋባት ቀላሉ ክፍል ነበር።

አሁን ወደምወደው ታሪክ ልግባ።

እ.ኤ.አ. በ1952 የመጀመሪያው የስኪዞፍሬኒያ መድኃኒት ክሎርፕሮማዚን ፈረንሳይ ውስጥ ተገኘ፤ በጥቂት ዓመታት ውስጥ በየአገሩ ለዓመታት ተዘግቶባቸው የኖሩ ሰዎች ከሆስፒታል መውጣት ጀመሩ። ለንደን ውስጥ ጆርጅ ብራውን የተባለ የማኅበራዊ ኑሮ ተመራማሪ የወጡትን ወንዶች ተከትሎ ማን ደህና እንደሆነ፣ ማን እንደተመለሰ መዘገበ። ማንም ሰው ሚስቱ ወይም እናቱ ጋር የገባው ይሻለዋል ብሎ ይገምታል። ብራውንና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1958 ያሳተሙት ውጤት ግን የተገላቢጦሽ ሆነ፤ ሚስታቸው ወይም ወላጆቻቸው ጋር የገቡት ላይ ሕመሙ ቶሎ ያገረሻል። ወንድምና እህት ጋር የተጠጉት ወይም ክፍል ተከራይተው የኖሩት ይሻላቸው ነበር።

እንዴት? የፍቅር ቤት ያሳምማል ማለት ነው? ብራውን እዚህ ላይ ቢያቆም ኖሮ «አታግባ» የሚሉት ሐኪሞች ዛሬ ድረስ ስሙን ይጠሩ ነበር። እሱ ግን ቤት ውስጥ የሚነገረውን ነገር መስማት ፈለገ። በደቡብ ለንደን ካምበርዌል የተባለ ሰፈር ስም የተሰጠው ቃለ መጠይቅ ተዘጋጀ። የታማሚው ሚስት፣ ባል ወይም እናት ብቻዋን ትቀመጣለች፤ ስለ ሰውየው እንደልቧ እንድታወራ ትደረጋለች፤ ድምፁ ይቀዳል። ከዚያ የሠለጠነ ሰው ቅጂውን እየሰማ ወቀሳውን አንድ በአንድ ይቆጥራል። የሚቆጠረው ቃሉ ብቻ አይደለም፤ ቅላጼውም ነው። «ሲተኛ ይውላል» የሚለውን በሁለት ዓይነት ድምፅ በሉትና ሞክሩት። አንዱ ወሬ ነው፤ ሌላው ክስ ነው። ከወቀሳው ሌላ ጥላቻው፣ ደግሞም ከመጠን ያለፈ መንሰፍሰፉ ይመዘናል፤ «እኔ ካላጎረስኩት አይበላም፣ እኔ ካላየሁት አይተኛም» የሚለው ዓይነት። አዎ፣ መንሰፍሰፍም ይቆጠራል! እኛ ፍቅር የምንለው ግማሹ እዚህ ዝርዝር ውስጥ ሊገባ እንደሚችል ሳስብ ትንሽ ደነገጥኩ።

ውጤቱ እነሆ። እ.ኤ.አ. በ1976 ክሪስቲን ቮንና ጁሊያን ሌፍ የራሳቸውንና የብራውንን መረጃ አዋህደው 128 ሰዎችን አዩ። ወቀሳና መንሰፍሰፍ ዝቅተኛ በሆነበት ቤት ከገቡት መካከል በዘጠኝ ወር ውስጥ ሕመሙ ያገረሸባቸው ከመቶ 13 ናቸው፤ ከፍተኛ በሆነበት ቤት ከመቶ 51። በዚያ ቤት ውስጥም ቢሆን ፊት ለፊት የሚገናኙበት ሰዓት በሳምንት ከ35 በታች ሲሆን አደጋው በጣም ይቀንሳል። ትርጉሙ ግልጽ ነው፤ ሥራ ውሎ መምጣት፣ ጓደኛ ጋር ቡና መጠጣት፣ ጥንዶቹ ትንሽ መተናፈሻ ማግኘታቸው ብቻውን ይከላከላል። ደግሞ ከሁሉ ደስ የሚለው፣ የአነጋገር ልማድ ይማሩታል። ቤተሰብ ስለ ሕመሙ እንዲያውቅና ያለ ወቀሳ መነጋገርን እንዲለማመድ ማድረግ ሕመሙ እንዳያገረሽ እንደሚረዳ ከዚያ ወዲህ በብዙ አገር ተፈትኖ ተረጋግጧል።

«ፍቅር ያድናል» ለማለት ምሳሌ ሲፈልግ ሰው የሚጠራው ጆን ናሽን ነው፤ የሒሳብ ሊቁን፣ «ቢዩቲፉል ማይንድ» የተባለው ፊልም የተሠራለትን። ፊልሙ ሚስቱ አሊሻ ከጎኑ ሳትለይ በፍቅሯ እንዳዳነችው አድርጎ ነው የሚያሳየው። እውነቱ ከፊልሙ ይበልጣል። እ.ኤ.አ. በ1957 ተጋቡ፤ በ1959 ሆስፒታል ሲገባ አሊሻ እርጉዝ ነበረች፤ በ1963 ተፋቱ። ከዚያ በ1970 መሄጃ ሲያጣ ቤቷ አስጠጋችው፤ እንደ ባል ሳይሆን እንደ ተከራይ። ለዓመታት በዚያ ዓይነት ኖሩ፤ ጣሪያ አለው፣ ምግብ አለው፣ በየቀኑ የሚወቅሰውና የሚያስጨንቀው የለም። ቀስ በቀስ ተሻለው። በ1994 የኖቤል ሽልማት አገኘ፤ በ2001 እንደገና ተጋቡ። በ2015 ከኖርዌይ የአቤል ሽልማት ተቀብለው ሲመለሱ በታክሲ አደጋ አብረው ሞቱ። በፊልሙ የጎደለው ተከራይነቱ ነው፤ ለእኔ ግን የታሪኩ እምብርት እሱ ነው።

አሁን ወደ ባለጋዋኖቹ። «መጀመሪያ ይዳን» የሚለው ምክር ጥንቃቄ ስለሚመስል ለመቃወም ያስቸግራል። ሰውየው ገና እየቃዠ፣ ወይም ባይፖላር ያለባት ልጅ በሕመሙ የከፍታ ወቅት በሦስት ቀን ትውውቅ ቀለበት ልታስር ስትል፣ «ቆይ» ማለት ተገቢ ነው፤ በዚያ ጊዜ ማግባትም መፋታትም ለሌላ ቀን ይደር። ግን ስንቱ ሰው ነው ሙሉ በሙሉ የሚድነው? ብዙዎቹ መድኃኒት እየወሰዱ፣ ትንሽ ምልክት እየቀረባቸው የሚኖሩ ናቸው። ለእነሱ «ስትድን» ማለት «በጭራሽ» ማለት ነው። መዋኘት እስክትችል ድረስ ወንዝ አጠገብ አትድረስ እንደ ማለት ያህል ነው።

በሥራ ጉዳይ ላይ ሐኪሞች ይህንኑ ስህተት ሠርተው አርመውታል። ቀድሞ የአእምሮ ሕመምተኛ ሥራ እፈልጋለሁ ሲል መጀመሪያ ለወራት፣ አንዳንዴም ለዓመታት ቅርጫት እየሠራ «እንዲዘጋጅ» ይደረግ ነበር። በ1990ዎቹ በአሜሪካ ኒው ሃምፕሸር ሮበርት ድሬክና ዲቦራ ቤከር የተባሉ ሁለት ባለሙያዎች ነገሩን ገለበጡት፤ ሥራ የሚፈልግ ሁሉ ዛሬውኑ እውነተኛ ሥራ ይፈለግለት፣ ድጋፉና ሥልጠናው ሥራ ላይ እያለ ይሰጠው አሉ። በዚህ መንገድ የተረዱት ሥራ የማግኘት ዕድላቸው በአሮጌው መንገድ ከተረዱት እጥፍ ያህል ሆነ። የፍቅር ጉዳይም እንዲሁ መታየት አለበት ባይ ነኝ። «የሴት ጓደኛ እፈልጋለሁ» ያለ ሰው በዚያው ዕለት የሚጀመር ሥራ አለው።

ምን ዓይነት ሥራ? እዚህ ላይ ነው ነገሩ የሚያምረው።

በካሊፎርኒያ ሮበርት ሊበርማን የተባሉ የሥነ አእምሮ ሐኪም የማኅበራዊ ክህሎት ሥልጠና አዘጋጁ፤ ከክፍሎቹ አንዱ ሙሉ በሙሉ ስለ ጓደኝነትና መቀራረብ ነው። አለን ቤላክ፣ ኪም ሙዘርና ባልደረቦቻቸው በ1997 ያወጡት መመሪያም ለፍቅር ቀጠሮ የሚሆኑ ትምህርቶች አሉት። ዘዴው ቲያትር ነው። ጥቂት ሰዎች ክብ ሠርተው ይቀመጣሉ። የዕለቱ ትምህርት «ሰውን መጋበዝ» ነው እንበል። አሠልጣኟ ነገሩን ትቆራርጠዋለች፦ ሰውየው የሚመቸው ጊዜ ላይ መሆኑን እይ፣ ፊቱን ተመልከት፣ አንድ ግልጽ ነገር ጠይቅ፣ መልሱን ጠብቅ፣ «አይመቸኝም» ካለህ አመስግነህ ተው። ከዚያ ራሷ ተጫውታ ታሳያለች። ቀጥሎ አንዱ ይነሣል፤ ከሌላው ጋር ይጫወታል፦

«ሰላም፣ ቅዳሜ ከሰዓት ትመቺያለሽ ወይ? እዚህ አካባቢ ጥሩ ማኪያቶ የሚሠሩበት ቤት አለ።»

ሲጨርስ ተመልካቾቹ መጀመሪያ ጥሩ የሠራውን ይነግሩታል፤ ሁልጊዜ ጥሩው ይቀድማል። ከዚያ አንድ ነገር ብቻ እንዲያስተካክል ይነገረዋል፤ ምናልባት «ድምፅህን ትንሽ ከፍ አድርግ»። ደግሞ ይጫወተዋል። ለሚቀጥለው ሳምንት የቤት ሥራ ይዞ ይሄዳል፤ የቤት ሥራው ልጅት መጋበዝ ላይሆን ይችላል፣ የባለሱቁን ስም ጠይቆ መምጣት ሊሆን ይችላል። ከሁሉም ትምህርት ግን እኔ የምወደው «አይ» መባልን መለማመድ ነው። «ይቅርታ፣ ሰው አለኝ» ተብሎ «እሺ፣ ምንም አይደለም» ብሎ መሄድን አሥር ጊዜ የተጫወተ ሰው አሥራ አንደኛው እውነተኛ ሲሆን አይሰበርም። (ይህን ሥልጠና ለጤነኞቹም ቢሰጡልን ስንቱ ጎረምሳ ይገላገል ነበር!)

ለምን ቲያትር ያስፈልጋል? ስኪዞፍሬኒያ ያለበት ሰው የሌላውን ፊት ማንበብ ይከብደዋል፤ መሰላቸትንና ድካምን፣ ፍርሃትንና ቁጣን ያደባልቃል። የራሱም ፊት ዝም ይላል። እዚህ ላይ የሥነ ልቦና ተመራማሪዋ አን ክሪንግ ያደረገችውን ልንገራችሁ። ስኪዞፍሬኒያ ላለባቸውና ለሌሎች ሰዎች የሚያስቁ፣ የሚያሳዝኑና የሚያስፈሩ የፊልም ቁራጮች አሳየች። የሕመምተኞቹ ፊት እምብዛም አልተንቀሳቀሰም። ምን ተሰማችሁ ተብለው ሲጠየቁ ግን የተሰማቸው ስሜት ከሌሎቹ አያንስም ነበር። ስለዚህ ከእናንተ ጋር ቀጠሮ ያለው ሰው ፊቱ ሳይንቀሳቀስ ተቀምጦ ከሆነ ተሰላችቷል ብላችሁ አትደምድሙ። እሱም «ፊቴ አያሳይልኝም እንጂ ደስ ብሎኛል» ማለትን ሊለማመድ ይችላል። ይህች አንዲት ዓረፍተ ነገር ስንት ማኪያቶ እንደምታድን አስቡት።

ሌላም ነገር አለ። ክሪንግና ባልደረቦቿ ሰውየው ነገሩ ሲደርስ እንደሚደሰት፣ ሳይደርስ ግን ደስታውን ቀድሞ መቅመስ እንደሚቸግረው አግኝተዋል። «መሄድ አላሰኘኝም» ሲል እውነቱን ነው፤ ሲሄድ ደግሞ ይደሰታል። ረዳት ሰው ይህን ካወቀ «ሲያሰኝህ ትሄዳለህ» ማለቱን ይተዋል። ቀጠሮው ይያዛል፣ ስልክ ይደወላል፣ ታክሲው ድረስ አብሮ ይወጣል፤ ማታ ደግሞ «እንዴት ነበር?» ተብሎ ይጠየቃል፣ ደስታውን እንዲያስታውሰው።

«ይህ ሁሉ ለካሊፎርኒያ ነው፤ እዚህ ማን ይሠራዋል?» ትሉኝ ይሆናል። ኢትዮጵያ በዚህ ጉዳይ ባዶ አይደለችም። ቡታጅራ ላይ እ.ኤ.አ. ከ1998 ጀምሮ 68,378 ሰዎችን ቤት ለቤት አነጋግረው ከባድ የአእምሮ ሕመም ያለባቸውን ለይተው ለዓመታት ተከታትለዋል፤ ከዓለም ታዋቂ ጥናቶች አንዱ ነው። በአጎራባቹ ሶዶ ወረዳ ደግሞ ራይዝ የተባለ ሙከራ ተካሂዶ ውጤቱ በ2022 ታትሟል። 166 ስኪዞፍሬኒያ ያለባቸው ሰዎች ነበሩ። ከጤና ጣቢያው መድኃኒት በተጨማሪ የሠለጠኑ የአካባቢው ሰዎች፣ ሐኪም ያልሆኑ፣ በየቤቱ እየሄዱ ለአንድ ዓመት ረዷቸው፤ ቤተሰቡን ያነጋግራሉ፣ ወደ ሥራና ወደ ማኅበራዊ ኑሮ እንዲመለሱ ይደግፋሉ። ድጋፉን ያገኙት ላይ ሕመሙ ያደረሰው የኑሮ ጉድለት ይበልጥ ቀነሰ። እንግዲህ ለዕድርና ለገበያ የሚያዘጋጅ ሰው ቤት ድረስ መምጣት ከቻለ፣ «ልቤ ያለው እገሊት ጋር ነው» የሚለውንም መስማት አያቅተውም። መጠየቁ ብቻ ነው የሚቀረው።

አንድ ማስጠንቀቂያ በአጭሩ። አንዳንዴ «እሷ ትወደኛለች» የሚለው ራሱ የሕመሙ ምልክት ይሆናል፤ ፈረንሳዊው ሐኪም ደ ክለራምቦ በ1921 የገለጸው፣ ታማሚው አንድ ታዋቂ ወይም ባለሥልጣን ሰው በድብቅ እንደሚወደው አምኖ የሚቀርበት ሁኔታ። መለያው ቀላል ነው፤ ሌላኛው ወገን በአንደበቱ ምን አለ? ልምምዱ «አይ»ን መስማት ላይ የሚበረታበት አንዱ ምክንያትም ይኸው ነው።

ወደ ከባዱ ጥያቄ ደረስን፤ ስለ ሕመሙ ለልጅቷ መቼ ይነገራት? አባቶች «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» ይላሉ፤ እውነት ነው፣ ነገር ግን ለሐኪም ነው የተባለው። በመጀመሪያው ማኪያቶ ላይ የምርመራ ወረቀት መዘርጋት ግዴታ አይደለም። ሰውየው ማን እንደሆነ ሳትሰማ የሕመሙን ስም ከሰማች የምታየው ስሙን ብቻ ነው። የሠርጉ ካርድ ከታተመ በኋላ ደግሞ ዘግይቷል። እኔ ብጠየቅ፣ ነገሩ ከመተዋወቅ አልፎ «እኔና አንቺ» መባባል ሲጀምር፣ ሽማግሌ ከመነሣቱ በፊት ነው እላለሁ። ከጊዜው በላይ ደግሞ አነጋገሩ ይወስናል። «ስኪዞፍሬኒያ አለብኝ» ብሎ ዝም ከማለት፣ «ከዓመታት በፊት ከባድ ሕመም ይዞኝ ነበር፤ ድምፅ ይሰማኝ ነበር። መድኃኒት እወስዳለሁ፤ እየሠራሁ ነው። ሲጀምረኝ እንቅልፌ ይጠፋል፤ ያኔ ሐኪሜ ጋር እሄዳለሁ። ጠይቂኝ፣ የማውቀውን እነግርሻለሁ» ማለት ለሰሚዋ የሚያዝ ነገር ይሰጣታል። ይህም በቲያትር ይለማመዱታል።

ሕጉም የሚለው አለው። በተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 213/1992፣ የተጋቢው የማይድን ወይም ወደ ልጅ በዘር የሚተላለፍ በሽታ ሳይታወቅ የተፈጸመ ጋብቻ በስህተት የተሰጠ ፈቃድ ነው ተብሎ ሊፈርስ ይችላል። በፍርድ የተከለከለ ሰው ደግሞ ያለ ፍርድ ቤት ፈቃድ አያገባም፤ ይህ ግን ፍርድ ቤት ወስኖ የከለከለውን ሰው ብቻ የሚመለከት እንጂ ሆስፒታል ካርድ ያለውን ሁሉ አይደለም። በሌላ በኩል ኢትዮጵያ በ2010 እ.ኤ.አ. ያጸደቀችው የተባበሩት መንግሥታት የአካል ጉዳተኞች ስምምነት የአእምሮ ሕመም የሚያስከትለውን ጉዳት ጨምሮ፣ በነጻ ፈቃድ የማግባትና ቤተሰብ የመመሥረት መብትን ያረጋግጣል።

ስለ መድኃኒቱም ማንም አያወራም፤ ስለዚህ እኔ ላውራው። ሃሎፔሪዶልና ሪስፔሪዶንን የመሳሰሉ መድኃኒቶች ፕሮላክቲን የተባለውን ሆርሞን ከፍ ያደርጋሉ። ወንዱ ፍላጎቱ ይቀንሳል፣ ብልቱ አልቆም ሊለው ይችላል፤ የሴቷ የወር አበባ ሊቋረጥ ይችላል። ወንዱ ለሐኪሙ ይህን ከመናገር መድኃኒቱን በድብቅ ማቆም ይቀለዋል፤ ሕመሙ የሚያገረሽበት አንዱ መንገድም ይህ ነው። መጠን መቀነስ፣ ወደ ሌላ መድኃኒት መቀየር፣ ፕሮላክቲን የሚያወርደውን አሪፒፕራዞልን መጨመር የመሳሰሉ መፍትሔዎች አሉ፤ ሁሉም በሐኪም እጅ ነው። ደግሞ ልብ በሉ፦ የወር አበባዋ ተቋርጦ «እኔ አልወልድም» ብላ የተቀመጠች ሴት መድኃኒቷ ሲቀየር ሳታስበው ልታረግዝ ትችላለች። መድኃኒቱን የቀየረ ሐኪም ይህን ካልነገራት ሥራውን አልጨረሰም። ቫልፕሮየት የተባለውን የባይፖላር መድኃኒት የምትወስድ ሴት ከሆነች ጉዳዩ ይከብዳል፤ በእርግዝና ጊዜ ከተወሰደ ከአሥር ሕፃናት አንዱ ያህል የአካል ጉድለት፣ ከአሥር ሦስት ወይም አራቱ ደግሞ የዕድገት ችግር ሊገጥማቸው ይችላል። ልጅ ለመውለድ ከማሰቧ አስቀድሞ የሚነገር ነገር ነው።

ልጅ ካልን፣ ዘር የሚያጣሩ አማቶች የሚጠይቁት ጥያቄ መልስ አለው። ከወላጆቹ አንዱ ስኪዞፍሬኒያ ያለበት ልጅ ሕመሙ የሚይዘው ከአሥር አንድ ጊዜ ያህል ነው፤ ሌላው ሕዝብ ዘንድ ከመቶ አንድ ያህል ነው። አደጋው አለ። ከአሥሩ ዘጠኙ ግን አይታመሙም፤ ይህኛውን ግማሽ አማቶቹ ሲያወሩት አልሰማሁም።

የመጨረሻው ሥራ ጥንዶቹ ደህና በሆኑበት ቀን፣ ቡና ላይ ቁጭ ብለው የሚጽፉት አንድ ገጽ ነው። ሲጀምረኝ ምልክቱ ምንድን ነው፤ ሁለት ሌሊት አለመተኛት? ገንዘብ መበተን? ዝም ማለት? ያን ጊዜ አንቺ ምን ብትይኝ እሰማሻለሁ፣ ምን ብትይኝ እናደዳለሁ? ለየትኛው ሐኪም ይደወል፣ ለየትኛው ዘመድ በፍጹም አይደወል? የባንክ ደብተሩን ማን ይያዝ? ባይፖላር ያላት ሴት ካረገዘች ደግሞ ገጹ ላይ የሚጨመር አለ፤ እንዲህ ካሉ እናቶች ከወለዱ በኋላ ከአምስቱ አንዷ ያህል በከባድ ሁኔታ ልትታመም ስለምትችል፣ በአራስነቷ ሌሊት ሌሊት ሕፃኑን ማን ተቀብሎ እንደሚያስተኛላት ስሙ ይጻፋል። እዚህ ላይ አክስቶቹ ይጠሩ፤ ለአራስ ቤት ከእነሱ የሚሻል የለም።